የአባቴ ፔጆና የደንገጎ ዳገት

(ከ1978 ዓ.ም. ተመራቂዎች አንዱ በዘንድሮው የመገናኘት ዝግጅት ላይ ካደረጉት ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ጡረታ ሕይወት ተናገር ብለውኝ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ገና ሦስት ወሬ ነው፤ ምን አውቃለሁ? ይልቅ አምና እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ልንገራችሁ ብዬ አስፈቀድኩ። ነገሩ በአባቴ ፔጆ 404 ላይ ኤሲ ስለማስገጠም ነው። አትሳቁ። ከሁለተኛው ረድፍ የሚሳቀውን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ በ1974 ዓ.ም. እኔንና እሱን፣ ሁለት ፍራሽና ሁለት የቆርቆሮ ሳጥን አንድ ላይ ጭና እዚህ በር ያወረደችን ያችው መኪና ናት። ስንገባ አለማያ እርሻ ኮሌጅ ነበር፣ ስንወጣ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ጠበቀን፣ ዛሬ ስንመለስ ደግሞ ሐረማያ ነው። ስሟን ያልቀየረችው መኪናዋ ብቻ ናት።

አባቴ ሐረር ውስጥ ባለታክሲ ነበሩ። ሐረርን የምታውቁ ፔጆ 404ን ታውቃላችሁ፤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለወጣት መምህራን ግን ትንሽ ልበል። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1960 ወጣ፤ ቅርጹን የሠራው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። የምሥራቅ አፍሪካውን የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። ሞተሩ 1618 ሲሲ ሆኖ 45 ዲግሪ ወደ ጎን የተጋደመ ነው። አባቴ መኪናዋን በ1964 ዓ.ም. ገዙ። እኔና አራት እህቶቼ የተማርነው በእሷ ነው። የቤንዚን ኩፖን በነበረበት ዘመን እንኳ ቆማ አላደረችም።

እኔ ግን ስለ መኪና ምንም አላውቅም ነበር። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ የሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ማሽላና በቆሎ ላይ ነው የሠራሁት። አባቴም ኮፈኗን ሲከፍቱ «አንተ ደብተርህን ያዝ» ይሉኝ ነበር። ያዝኩ። 59 ዓመት ሲሞላኝ ሻማና ካንዴላ አንድ ነገር መሆናቸውን ገና አላወቅኩም ነበር።

እናታችን በ2013 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ አባቴ ብቻቸውን መኖር አልቻሉም። በዓመቱ ድሬዳዋ እኔ ቤት መጡ፤ መኪናዋም መጣች። ልባቸው ደካማ ነው። ሐኪማቸው ሐረር ስለሆነ በየወሩ መውጣት አለባቸው። ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ሌላ አጥብቆ የነገረን ከሙቀት እንዲጠበቁ ነው። ድሬን በግንቦትና በሰኔ የምታውቋት ታውቃላችሁ። ፀሐይ ላይ የቆመች ፔጆ ውስጥ መቀመጥ ምጣድ ላይ እንደመቀመጥ ነው። «አባባ፣ በሚኒባስ እንሂድ፤ ወይ የጎረቤቱን ዘመናዊ መኪና ልለምን» ስላቸው፣ «የራሴ መኪና እያለኝ?» ነው መልሳቸው። ከዚህ በላይ መከራከር አይቻልም።

ስለዚህ ኤሲ ላስገጥም ወሰንኩ። መኪናዋን አሪፍ ለማድረግ አልነበረም፤ አባቴ በራሳቸው መኪና፣ በራሳቸው ወንበር፣ ልባቸው ሳይደክም ሐረር እንዲደርሱ ነበር።

እንዴት እንዳስገጠምኩ ስነግራችሁ አፍራለሁ። ታይዋን ገበያ ሄድኩ። ከአሮጌ ፒካፕ የተፈታ፣ ክሩስኮት ሥር የሚንጠለጠል ማቀዝቀዣ ገዛሁ። ኮምፕረሰሩ ከኮሮላ፣ ከራዲያተር ፊት የሚቆመው ኮንዴንሰር ደግሞ ከምን እንደተፈታ ሻጩም አያውቅም። አንድ ልጅ በ2 ቀን ገጠመው። ለኮምፕረሰሩ ማቀፊያ ከቀጭን ብረት በየደለት፤ ተጨማሪ ፑሊ ለማስገባት ቬንትሌተሩን ፈትቶ መለሰ፤ ጋዝ ሞላ። ስንት ሞላህ ስለው ቱቦውን በእጁ ጨብጦ «በቃ፣ ቀዝቅዟል ጋሼ» አለኝ። እኔም ጨበጥኩት። እውነትም ቀዝቅዟል። ሁሉም ነገር 28,000 ብር ፈጀ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ራሱ ብዙ ነገር ነግሮኝ ነበር፤ ሰሚ ቢኖረው። ለ10 ደቂቃ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ለብ ያለ ንፋስ ይነፋል። ጥቂት አጥፍቼ ስመለስ ደግሞ ይሠራል። መንገድ ላይ ስቆም ሚኒሞው ይወርድና ሞተሩ ይጠፋል። ቺንጋው ይዘላል። ጠዋት ባትሪው ሞቶ ይገኛል። እኔ ለእያንዳንዱ ምክንያት ፈጠርኩለት፤ ባትሪው አርጅቷል፣ ቤንዚኑ ቆሻሻ ነው። የመስክ ሙከራ ላይ ተማሪዬ እንዲህ ቢያደርግ ውጤቱን እሰርዝበት ነበር።

ሰኔ ላይ የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ማለዳ መነሳት ሲገባን ዘገየን፤ ከድሬ ስንወጣ ረፋዱ 5 ሰዓት ነው። አባቴ ከመግባታቸው በፊት «ውሃዋን አየህ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። አላየሁም ነበር።

የደንገጎን ዳገት ለማታውቁት፦ መንገዱ ድሬ ላይ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው አምስት እጅ አንዱን ያህል ያነሰ ስለሆነ ሞተሩም በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። ውሃም ክዳኑ ካልጠበቀ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህን እኮ እዚሁ ላቦራቶሪ ውስጥ በቴርሞሜትር አይተነዋል! እኔ ግን በዚያች በደከመች ሞተር ላይ ኮምፕረሰር ጭኜ፣ ራዲያተሯ ፊት ሌላ ትኩስ ነገር ገትሬ፣ በሁለተኛ ማርሽ እየወጣሁ የአባቴን ፊት አያለሁ። ንፋሱ እየነካቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። የሙቀት ማሳያዋ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ አባቴ የሚነዱት በሽታ ነው።

እሳቸው ናቸው ድንገት ዓይናቸውን ገልጠው «ሸተተኝ፤ አቁም» ያሉት።

ጢሱ ከኮፈኗ ሥር ተነሳ። ወረድኩና ጨርቅ ይዤ የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት ስል «እንዳትነካው!» ብለው ጮሁ። እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። ብከፍተው ኖሮ ዛሬ ይህ ፊቴ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ከዚያ ዝም አሉ። ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም። ኤሲው ጠፍቷል፣ መኪናዋ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፣ ውጭም ፀሐይ ነው። ላባቸው ቆመ፤ ከንፈራቸው መልኩን ቀየረ። ጃንጥላ እንኳ አልያዝኩም። አንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ነበረን፤ ለሳቸው ወይስ ለራዲያተሩ ብዬ ለአፍታ ማሰቤን እስካሁን አልረሳውም።

ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚወርዱትን አይሱዙዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ ለሰውም ለከብትም አይቆሙም። አንዱ ግን አልፎን ሄዶ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሾፌሩ ወርዶ «የጋሼ መኪና አይደለችም እንዴ?» አለ። ሐረር ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት በሷ ይመላለስ ነበር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ አወረደልን፣ ሸራውን ፈትቶ ከመኪናው ጎን ጥላ ዘረጋ፣ አባቴን በውሃ የራሰ ጨርቅ አለበሳቸው። ጫቱ እየጠወለገበት ከግማሽ ሰዓት በላይ አብሮን ቆየ። ብር ስሰጠው ተቆጣ።

አባቴ ትንሽ ሲመለስላቸው ኮፈኗን ክፈትልኝ አሉ። ተደግፈው መጡ። ቬንትሌተሩን በጣታቸው አዞሩት፤ እንደ ልብ ዞረ። «ሦስቱን ቡሎን ማን ነካ?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ404 ቬንትሌተር ሁልጊዜ አይዞርም። ውሃው ሲሞቅ አንድ የሙቀት ማብሪያ ኤሌክትሪክ ይለቅና ማግኔት ይዞ ያዞረዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። ለዘመኑ ድንቅ ሥራ ነው፤ ነዳጅም ጉልበትም ይቆጥባል። ኤሌክትሪኩን ወደ ማግኔቱ የምታደርሰው ግን የእርሳስ ቁራጭ የምታህል ካርቦን ናት፤ እሷ ካለቀች ማግኔቱ አይዝም። የአባቴ ካርቦን ካለቀች ቆይቷል። መለዋወጫ ሲያጡ ክፍተቱን የሚያስተካክሉትን ሦስት ቡሎኖች አጥብቀው ቬንትሌተሩን ሁልጊዜ እንዲዞር አሰሩት፤ ለብዙ ዓመት እንደዚያው ነዱ። የእኔ ገጣሚ ሲፈታው ቡሎኖቹን እንደ ደንቡ አላልቶ መለሳቸው። የልጁን ጥፋት አላጋንንም፤ አላወቀም፤ እኔም አልነገርኩትም፤ እኔም አላወቅኩም። ስለዚህ ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዋ ጨርሶ ቬንትሌተር አልነበራትም።

በሾፌሩ ቁልፍ ቡሎኖቹን እሳቸው እያሳዩኝ አጠበቅኩ። ውሃውን ሞተሩ እየሠራ ቀስ በቀስ ጨመርን፤ በአንዴ ብንደፋው ቴስታው ይሰነጠቅ ነበር። የኮምፕረሰሩን ቺንጋ በቢላ ቆረጥኩት። ከዚያ አባቴ «አሁን ማሞቂያውን ክፈት» አሉኝ። ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት ስለሚወስድ ትንሽ ራዲያተር ማለት ነው። ኤሲ የተገጠመላት መኪና ውስጥ፣ በሰኔ ፀሐይ፣ ማሞቂያ ከፍተን መስኮቱን ሁሉ አውርደን ደንገጎን ወጣን። እዚሁ በር ላይ ስንደርስ ጥበቃዎቹ ወንበር አውጥተው ዛፍ ሥር አስቀመጧቸው፣ ሻይ አመጡላቸው። ይህ ቤት ለእኔ ሁለት ጊዜ ባለውለታዬ ነው።

ሐረር ሆስፒታል 2 ሌሊት ተኙ። ታላቋ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች፤ ያለችኝን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። «ሽጣት፤ አባባን ልትገድልብን ነው» የሚለው ለጆሮ የሚበቃው ክፍል ነው። አዲስ አበባ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው ገዢ እንደሆነም ነገረችኝ፤ ያቀረበው ዋጋ የእኔን የ2 ዓመት ደመወዝ ይበልጣል። ልሸጣት ተስማማሁ። ለአባቴ ልነግራቸው ስገባ አልጋ ላይ ሆነው «ቴስታዋ ጠሞ ይሆን?» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ «ካርቦኑ ማለቁን ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ኮፈኑን ሳላስነካህ ነው ያሳደግኩህ» አሉ።

አልሸጥኳትም።

ሁለተኛውን ሥራ የጀመርኩት ከኤሲው አይደለም። አባቴ በረንዳ ላይ ሆነው እያዘዙ፣ እኔ እየፈታሁ፣ መጀመሪያ ሞተሩን አዳንን። ቴስታው አልሙኒየም ነው፤ በእርግጥም ጥቂት ጠሞ ነበር። ተላገ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባለት። ራዲያተሩ ታጠበ፤ ውስጡ ግማሽ ቧንቧ በዝገትና በኖራ ተዘግቶ ነበር። ክዳኑ ማሸጊያ ጎማው ከጠፋ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እንጃ፤ ግፊት የሚይዝ አዲስ ክዳን ገዛን። የሙቀት ማሳያም አስገባሁ።

ቀጥሎ ያደረግኩት ነገር ግን የራሴ ሙያ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራራ። የአፈር ሙቀት የምለካባቸውን ቴርሞሜትሮች አመጣሁ። አንዱን ወለሉ ላይ፣ አንዱን ወንበሩ ላይ፣ አንዱን ጣሪያው ሥር አደረግኩና በቀትር ከድሬ ወጣ ብዬ ነዳሁ። ውጭው 36 ዲግሪ ነው። ወንበሩ ላይ 47፣ ተሳፋሪው እግር ሥር 52! ከየት መጣ? ለካስ የማሞቂያው የውሃ መዝጊያ ዝጋ ብትለውም አይዘጋም። ድሬዳዋ ላይ፣ በግንቦት፣ ማሞቂያ ከፍተን ነበር የምንሄደው። የገጠምኩት ኤሲ ከገዛ ማሞቂያችን ጋር ሲታገል ነው የከረመው። መዝጊያውን አስቀየርኩ፤ የፔዳሎቹ ቀዳዳዎች ጎማ ተደረገላቸው፤ ከወለሉ ሥር ወፍራም ቡራቡሬ ምንጣፍ ሳይሆን የበግ ፀጉር በርኖስ ተነጠፈ፤ የበሮቹ ማሸጊያ ተቀየረ። መስታወቱን ላስጠቁር ስል አባቴ «ማን ሞተብህ?» አሉኝ፤ ተውኩት። እንደገና ስለካ ወንበሩ ላይ 40 ሆነ። ገና አንድ ግራም ጋዝ ሳይገባ 7 ዲግሪ ወረደ። ወጪው ከ4,000 ብር አልበለጠም።

ኤሌክትሪኩን ባጭሩ ልለፈው፤ ጥሩ ኤሌትራውቶ ካገኛችሁ ለእሱ ተዉት። የድሮው ዲናሞ ለመብራትና ለማስነሻ የተሠራ ነው፤ ማራገቢያና ኮምፕረሰር ሲጨመርበት በተለይ በሚኒሞ ላይ አይችልም። ባትሪው ጠዋት የሚሞተው ለዚህ ነበር። ኦልተርኔተር ተተካለት፤ ኮንዴንሰሩ ፊት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ተደረገ፤ ሁሉም በሪሌና በፊውዝ። ዲናሞው ዘይት ተቀብቶ ሳጥን ውስጥ ነው፤ አባቴ በየወሩ ያዩታል።

ኤሲውን ራሱን የሠራልን የፍሪጅ ባለሙያ ነው፤ የመኪና ሰው አይደለም። ዝም ያለ ሽማግሌ ነው። የመጀመሪያውን ሥራ አይቶ ምንም አላለም፤ ራሱን ነቀነቀ። ማቀፊያውን ከወፍራም ብረት አሠራ፤ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር መሆናቸውን በክር ለካ። ቺንጋው ከዚያ ወዲህ አልዘለለም። ቱቦዎቹን ናይትሮጂን ሞልቶ አሳደራቸው፤ ጠዋት ግፊቱ ካልወረደ ሽንቁር የለም ማለት ነው። ከዚያ በቫኪዩም ፓምፕ አንድ ሰዓት ያህል አየሩን መጠጠ። ለምን ይህን ያህል ጊዜ አልኩት። ያን ጊዜ ነው የ10 ደቂቃው እንቆቅልሽ የተፈታልኝ። ቱቦ ውስጥ አየር ከቀረ እርጥበት ይቀራል። ጋዙ በጠባቧ ቫልቭ ሲያልፍ በጣም ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱ እዚያው በረዶ ሆኖ ይዘጋታል። ስታጠፋው በረዶው ይቀልጣል፣ ስታበራው ይሠራል፣ ደግሞ ይዘጋል። የመጀመሪያው ልጅ ቫኪዩም የሚባል ነገር አልነበረውም። ሽማግሌው ጋዙን በሚዛን 650 ግራም መዝኖ አስገባ። በእጁ አልጨበጠም። ግፊት ከልክ ሲያልፍ ኮምፕረሰሩን የሚያጠፋ መቁረጫም ጨመረበት።

በጠቅላላው የመጀመሪያውን ወጪ ሦስት እጥፍ ያህል አወጣሁ። ከእናንተ መካከል አሮጌ መኪና ያለው ሰው መጀመሪያ በርካሽ ልሞክረው ካለኝ፣ እኔ ሞክሬልሃለሁ እለዋለሁ።

ዛሬ ወንበሩ ላይ 27 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በታች አባቴ ይበርዳቸዋል። ደንገጎን የምንወጣው ማለዳ ነው፤ ሁለት ጀሪካን ውሃና ጃንጥላ ከኋላ አለ። የኤሲው ማብሪያ በእኔ በኩል አይደለም፤ አባቴ ጉልበታቸው አጠገብ እንዲሆን ጠየቁ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ እሳቸው ያጠፉታል፤ ማሳያውን እሳቸው ያያሉ። ጫፍ ላይ ስንደርስ ያበሩትና «አሁን ተንፍሺ» ይሏታል። ለኤሲው ይሁን ለመኪናዋ አላውቅም።

አሁን እዚህ ውጭ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ዛፉ ሥር ቆማለች። አባቴም ውስጧ ናቸው፤ ንግግር አልወድም ብለው ቀሩ። ኮፈኗን ክፍት አድርጌዋለሁ፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ፤ ይመልሳሉ፣ ግን ጮክ ብላችሁ ጠይቋቸው። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ሦስቱ ቡሎኖች አሁንም እንደጠበቁ ናቸው፤ ካርቦኗን ድሬም ሐረርም አዲስ አበባም ፈልጌ አላገኘሁም። ከእናንተ መካከል ፈረንሳይ የሚኖር፣ ወይም እዚያ ልጅ ያለው ካለ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ያናግረኝ። ከጣት የምታንስ ነገር ናት፤ በፖስታ ትመጣለች።